በጅማ በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፦ ከዜን የተወሰደ መመሪያ

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ቁጭ ብሎ መዋል የበዛባቸው ናቸው። በቡና መጋዘን ውስጥ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ወይም ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበላውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ይውላሉ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ የባጃጅ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው። ማታ ደግሞ ቡናው ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አሁንም መቀመጥ ነው። ጫት የሚቅመውማ ትራሱን ተደግፎ በአንድ ክርኑ ላይ ከሰዓት በኋላውን ይጨርሳል። ይህን ያህል ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ግን አቀማመጥን ያስተማረው የለም። ልጅ ሳለ «ቀጥ በል!» ተብሎ ይሆናል፤ ቀጥ ብሎም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው መልሶ ጎብጧል።

አቀማመጥን ራሱን እንደቻለ ሙያ የያዙት ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ መነኮሳት ናቸው። ዶገን የሚባለው ጃፓናዊ መነኩሴ በ1227 (እ.ኤ.አ.) ከቻይና ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ፉካንዛዘንጊ የተባለ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ምን እንደሚነጠፍ፣ እግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ጆሮ ከትከሻ አፍንጫ ከእምብርት ጋር እንዴት እንደሚሰለፍ አንድ በአንድ ይናገራል። ዛዜን የሚባለው ተቀምጦ የማሰላሰል ልምድ እስከ ዛሬ ይህንኑ አቀማመጥ ይከተላል። ጅማ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል አብረው የሚሰሙባት ከተማ ናት፤ ከዚህ መመሪያ ለመጠቀም ማንም ሃይማኖቱን መንካት አይኖርበትም። እዚህ የምናገረው ስለ አጥንት፣ ስለ ጡንቻና ስለ ትንፋሽ ነው። ቀጥ ብለው ከተቀመጡ በኋላ ዱዓ ቢያደርጉበት፣ ዳዊት ቢደግሙበት ወይም ዝም ብለው ቢቆዩበት ምርጫው የእርስዎ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጀርባ በጉልበት ተጎትቶ ቀጥ አይልም። ክብደትዎን በትክክለኛው ቦታ ወደ ታች ሲለቁት አከርካሪዎ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል። ቀጥ ማለት የሚያደክማቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ሥራ ገልብጠው የያዙ ናቸው፤ ታቹን ሳያስተካክሉ ላዩን ይጎትታሉ።

መቀመጫው

የአቀማመጥ ችግር በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ይጀምራል። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲሆን ዳሌ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ዳሌ ከተገለበጠ ወገብ ይጎብጣል፣ ደረት ይዘጋል፣ አንገት ወደ ፊት ይወጣል። ክብ ታች ያለውን ጀበና ያስቡት። ማቶቱ ላይ በደንብ ከተቀመጠ አንገቱ ማንም ሳይዘው ወደ ላይ ይቆማል። ማቶቱ ከተጣመመ ግን አንገቱን ይዘው ቢያቃኑትም እጅዎን ሲያነሱ መልሶ ያዘነብላል። ዳሌም እንደዚሁ ስለሆነ ሥራዎን ከማቶቱ ይጀምሩ።

መጀመሪያ አጥንቶቹን ያግኟቸው። ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጡና ሁለቱን መዳፎችዎን ወደ ላይ አድርገው ከመቀመጫዎ ሥር ያስገቡ። በግራና በቀኝ አንዳንድ ጠንካራ አጥንት ይዳስሳሉ። አሁን እንደ ደከመው ሰው ይጎብጡ፤ አጥንቶቹ ወደ ፊት ይሸሹና ክብደትዎ ወደ ጭራ አጥንትዎ ይሄዳል። ቀጥሎ ወገብዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ደረትዎን ይንፉ፤ አጥንቶቹ ወደ ኋላ ይሄዱና ክብደቱ ጭንዎ ላይ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል አጥንቶቹ መዳፍዎን ቀጥ ብለው የሚጫኑበት ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ይቆዩበት፤ ሰውነትዎ እንዲያውቀው ሁለት ሦስት ጊዜ እየሄዱ ይመለሱ። ይህን ቦታ ሳያገኙ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

አሁን ወደ በርጩማው እንምጣ። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው። ከአንድ ግንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፣ ተጠርቦ ይወጣል፤ ሚስማርም ሙጫም የለውም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው የጅማ ሰዎች እንጨትን ምን ያህል እንደሚያውቁት አይቷል። አንዱን በርጩማ ገልብጠው ይመልከቱት። እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር አንድ እንጨት ናቸው፤ ከሥሩ የመጥረቢያው ምልክት ይታያል፣ ላዩ ግን በሰው ልብስ ተፈትጎ ያብረቀርቃል። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ላዩ ደግሞ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ወግ የሚመች ይሁን እንጂ ለረጅም መቀመጥ ይኸው ጉድጓድ ዳሌን ወደ ኋላ ይስባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አሮጌ ነጠላ ወይም ፎጣ አጥፈው ከጉድጓዱ ኋለኛ ክፍል ላይ ያድርጉ፤ ጉድጓዱ ይሞላል፣ መቀመጫውም ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከዚያ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ቀረብ ብለው ይቀመጡ። ሲቀመጡ ከሦስቱ እግሮች ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሁን። ተገላቢጦሽ ካደረጉት ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ በርጩማው ይገለበጣል።

ቡና ማፍላት የለመዱት አጭሩ በርጩማ ግን እግሩን ከፊት ረግጦ ለሚቀመጥ ሰው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል። ለዚህ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ከፍ ያለውን ዓይነት መፈለግ ነው። ሌላው፣ እኔ የምወደው፣ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ ነው፤ ጉልበትዎንና ባትዎን ወፍራም ምንጣፍ ላይ ያሳርፋሉ፣ እግሮችዎ በበርጩማው ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ መቀመጫዎ በርጩማው ላይ ያርፋል። ከፍታው ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጥ በርጩማ ለዚህ ይሆናል። በዜን አዳራሾች ውስጥ እግር ማጠፍ የማይችሉ ሰዎች ለዚሁ ሲባል የተሠራ አጭር አግዳሚ ይጠቀማሉ። ሶላት የሚሰግድ ሰው በሁለት ሱጁዶች መካከል መቀመጥን ከልጅነቱ ስለለመደ ይህ አቀማመጥ ለጉልበቱም ለቁርጭምጭሚቱም እንግዳ አይሆንበትም።

መሬት ላይ እግር አጥፈው መቀመጥ የሚፈልጉ ከሆነ መከዳ ያስፈልግዎታል። ጃፓኖች ዛፉ የሚሉት ክብ መከዳ ጥጥ በሚመስል የካፖክ ጭረት ወይም በእህል ገለባ የተሞላ ነው። ቤትዎ ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ጠበቅ ተደርጎ ሲታጠፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የጆንያ ጨርቅ ሰፍተው በደረቀ ገለባ ቢሞሉትም ይሆናል፤ ብቻ ጅማ ዝናብ የማይለያት አገር ስለሆነች በየጊዜው ፀሐይ ላይ ያውጡት፣ አለዚያ ይሻግታል። የሶፋ ስፖንጅ አይሁን፤ ሲጫኑት ይሰምጥና አጥንቶቹ የሚቆሙበት ያጣሉ። መከዳው ላይ ሙሉ በሙሉ አይውጡ፤ ከፊት በኩል ያለው አንድ ሦስተኛው ይበቃል።

ወንበር ለሚመርጡ፣ በተለይ ጉልበት ለሚያማቸውና ለአዛውንቶች፣ በየካፌው ያለው የፕላስቲክ ወንበር ወደ ኋላ የሚያንሸራትት መሆኑን ይወቁ። በኋለኛው በኩል የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ከመደገፊያው ይራቁ፣ ሁለቱ እግሮች ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጡ። እግርዎ መሬት ካልደረሰ ጣውላ ወይም ጡብ ከሥር ያስገቡ።

እግር

ስለ እግር ብዙ አልልም፤ ብዙ ሰው ዜን ማለት እግርን መቆላለፍ ይመስለዋልና ጉልበቱን ይጎዳል። ዶገን ሁለቱን እግሮች በተቃራኒ ጭኖች ላይ ማውጣትን ወይም አንዱን ብቻ ማውጣትን ይጠቅሳል። እርስዎ ሁለቱንም መተው ይችላሉ። ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አንዱን ከአንዱ ፊት አጥፎ ማስቀመጥ ይበቃል። የሚፈለገው ሁለቱ ጉልበቶችና መቀመጫ ሦስት የመሬት ድጋፍ እንዲሆኑ ነው።

ጉልበትዎ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ እጅዎን አድርገው ወደ ታች አይጫኑት። መቀመጫዎን ከፍ ያድርጉ፤ አሁንም ካልደረሰ ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ይሙሉበት። እግር መዞር ያለበት ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ዳሌ እምቢ ሲል ጉልበት ይዞራል፤ ጉልበት ደግሞ ለመዞር የተሠራ አይደለም። ጉልበትዎ ውስጥ የመውጋት ስሜት ከተሰማዎት ወዲያው ይፍቱት። ነገ ፊት የሚሆነውን እግር ይቀይሩ፤ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ማስቀደም ዳሌን ያጣምማል።

መልቀቅና መነሳት

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ በዝግታ ይሥሩት።

ከተቀመጡ በኋላ ዝም ብለው አይቁሙ። ዶገን እንደሚያዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዙ፤ መጀመሪያ ሰፋ አድርገው፣ ቀጥሎ እያነሱ እያነሱ፣ በመጨረሻ ከውጭ የሚያይ ሰው የማያውቀው ያህል አድርገው። ማቆሚያውን እርስዎ አይምረጡት፤ ውዝዋዜው ራሱ ሲያልቅ የሚቀሩበት ቦታ መሃልዎ ነው። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሁ ያድርጉ። በመወዛወዝ ላይ እያሉ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ተራ በተራ ሲጫኑ ይሰማዎታል። ሲጨርሱ እኩል ሊጫኑ ይገባል።

አሁን ትንፋሽዎን በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ያውጡ። ትንፋሹ ሲወጣ መቀመጫዎንና ጭንዎን ያላሉ። ሰው ሳያውቀው መቀመጫውን ጨብጦ ይቀመጣል፤ ልክ በርጩማው ከሥሩ የሚሄድበት ይመስል። ይልቀቁት። ቀጥሎ ሆድዎን ያላሉ፣ ቀበቶ ካለዎት ያላሉት፤ ዶገንም ልብስና መቀነት ላላ ብሎ ይታሰር ይላል። ክብደትዎ ወደ አጥንቶቹ፣ ከአጥንቶቹ ወደ በርጩማው፣ ከበርጩማው ወደ መሬት ሲወርድ ይከታተሉት። ሲወርድ ከእሱ ጋር ደረትዎን አያውርዱ፤ ደረትዎን ለጊዜው ይርሱት።

ሁለት ሦስት ትንፋሽ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ሳያዙት የሚመጣ ነገር አለ። ወገብዎ አካባቢ ቀጭን የሆነ መነሳት ይሰማል፣ ከዚያ ጀርባ መሃል፣ ከዚያ አንገት ሥር። ከአከርካሪው ጎንና ጎን በጥልቅ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ሥራቸውን ሲጀምሩ ነው። እነዚህ ጡንቻዎች ሚዛን ለመጠበቅ የተሠሩ ስለሆኑ ቶሎ አይደክሙም። ቀጥ በል ሲባሉ የሚጨብጧቸው ትልልቆቹ የጀርባ ጡንቻዎች ግን የተሠሩት ለማንሳትና ለመሸከም ነው፤ ለአንድ ሰዓት እንዲጨበጡ ካስገደዷቸው ይቃጠላሉ፣ ይተዉዎታል፣ እርስዎም ይጎብጣሉ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያስቸገረን ይህ ነው።

መነሳቱ ሲመጣ አይርዱት። እንኳን መጣ ብለው ደረትዎን ከነፉት ይጠፋል። ቦታ ብቻ ይስጡት፤ ቦታው የሚሰጠው ደግሞ በማጅራት በኩል ነው። የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስልክ ሲያዩ፣ ቡና ሲለቅሙ፣ ባጃጅ ሲነዱ ያ ሁሉ ክብደት ከትከሻ ፊት ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ማጅራትም ሲጎትተው ይውላል። አገጭዎን ጥቂት ብቻ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ማጅራትዎ ይረዝማል፣ ጆሮዎ ከትከሻዎ በላይ ይመጣል። አንድ ጣትዎን አናትዎ ላይ፣ የራስ ቅልዎ ከፍተኛ የሆነበት ቦታ ላይ፣ በቀስታ ያሳርፉ። አናትዎ ጣቱን የሚነካው ያለ ግፊት ይሁን፤ ገፍተውት ከሆነ ጣትዎ ይነግርዎታል፣ መንጋጋዎም ተነክሶ ያገኙታል። ጣቱን ያንሱና እንደዚያው ይቆዩ።

መጎተትንና መልቀቅን የሚለዩበት አንድ ፈተና ልንገርዎት። አንድ እጅ ሆድዎ ላይ፣ ሌላውን በጀርባዎ በኩል ከጎድንዎ ታች ላይ ያድርጉና ይተንፍሱ። ጎትተው ከሆነ የፊት ጎድኖች ወደ ውጭ ተገፍተዋል፣ ትንፋሹ ደረት ላይ ይቀራል፣ ከኋላ ያለው እጅ ምንም አይሰማውም። ለቀው ከሆነ ሁለቱም እጆች ይንቀሳቀሳሉ።

ሰው ካለ ደግሞ ሌላ አለ። እህትዎ ወይም ጓደኛዎ ከኋላ ቆሞ ሁለቱን መዳፎቹን ትከሻዎ ላይ አድርጎ በጣም በቀስታ ወደ ታች ይጫን፤ የእጁን ክብደት ያህል ብቻ። ዳሌዎ በቦታው ካለ ክብደቱ በቀጥታ መቀመጫ አጥንትዎ ላይ ሲያርፍ ይሰማዎታል፣ ጀርባዎም አይንቀሳቀስም። ጎብጠው ከሆነ ጀርባዎ ይታጠፋል። ደረት ነፍተው ከሆነ ወገብዎ ወደ ፊት ይሰበራል። የአንገት ወይም የዲስክ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ይተወው።

ከፍ ማለት ከመወጠር ጋር አንድ እንዳልሆነ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ጃፓናዊው ፊልም ሠሪ ኮን ኢቺካዋ ቶኪዮ ኦሊምፒያድ በሚለው ፊልሙ ውስጥ ያስቀረውን አበበ ቢቂላን ይመልከቱ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ የተረጋጋ፣ ራሱ የማይናወጥ ነው። ያን ያህል ርቀት እየሮጠ አንገቱን ሳይጨብጥ ከፍ ማለት ችሏል፤ እኛ የምንቀመጠው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እጅ፣ ዓይን፣ አፍ

ቀኝ እጅዎን መዳፉ ወደ ላይ እንደሆነ ከእምብርትዎ በታች ያሳርፉ፣ ግራውን በላዩ ያድርጉ፣ የሁለቱ አውራ ጣቶች ጫፍ በስሱ ይነካካ። እጆችዎ ጭንዎ ላይ ካልደረሱ ጨርቅ አጥፈው ከሥራቸው ያድርጉ፤ አለዚያ ትከሻዎ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አውራ ጣቶቹ ጥሩ ነጋሪ ናቸው። ተገፋፍተው ወደ ላይ ከሾሉ ተወጥረዋል፤ ተለያይተው ከወደቁ እንቅልፍ እየመጣ ነው።

አፍ ይዘጋ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ይረፍ፣ ጥርስ ሳይናከስ ይገናኝ። ዓይን ግን አይከደን። ከአንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ወለሉን ወይም ግድግዳውን ዝቅ ብሎ ይመልከት። ዶገን የጀመረው የሶቶ ዜን ተከታዮች ወደ ግድግዳ ዞረው ይቀመጣሉ፤ ጅማ ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ሲያልፍ ሰላም ማለት ግዴታ ስለሆነ ይህ ልማድ እጅግ ይጠቅማል። ዓይንዎ ሲወርድ ራስዎ አብሮ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። ዝቅ የሚለው ብሌንዎ ብቻ ነው።

ጊዜና ትንፋሽ

ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለሰውነትም ምክንያት አለው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ውኃ ስለሚመጥጡ ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይረዝማል። ያን ከፍታ ይዘው ይቀመጡበት። ብርድ ከሆነ ጋቢ ይደርቡ፤ የበረደው ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል።

ቡና ጠጥቶ መቀመጥ ያስኬዳል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የዜን መነኮሳት በሻይ ነው የኖሩት። ዜንን ወደ ጃፓን ካስገቡት አንዱ የሆነው ኤይሳይ በ1211 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሻይ ጥቅም መጽሐፍ ጽፏል፤ ሻዩም ተቀምጠው ለሚያድሩት መነኮሳት የእንቅልፍ መከላከያ ነበር። የመን ውስጥ ሱፊዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሌሊቱን በዚክር ለማደር ቡና ይጠጡ ነበር። ስለዚህ አንድ ስኒ ምንም አይደለም። በረካውን ጨርሶ መቀመጥ ግን ልብንም እግርንም ያስቸኩላል፤ እሱን ለኋላ ያቆዩት።

በዜን አዳራሽ አንድ መቀመጥ አንዲት የዕጣን ዘንግ ነድዳ እስክታልቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። እርስዎ በ10 ደቂቃ ይጀምሩ። የስልክዎን ማንቂያ ድምፁን አለስልሰው ይሙሉና ስልኩን ከኋላዎ ያስቀምጡት። ትንፋሽ ሲወጣ ይቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ እያሉ እስከ አሥር፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። በኦሮምኛ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ማለት የሚቀናዎ በዚያው ይቁጠሩ። ቁጥሩ ቢጠፋዎት አይበሳጩ፤ ከአንድ ይጀምሩ። በእያንዳንዱ የሚወጣ ትንፋሽ ክብደቱ ትንሽ ይውረድ፣ በሚገባው ትንፋሽ ጊዜ ደግሞ ምንም አያድርጉ፤ መነሳቱ በራሱ ይመጣል።

ሲበላሽ

ሰውነት የተበላሸውን በቦታው ይናገራል። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ካቃጠለዎት ራስዎ ወደ ፊት ወጥቷል፤ አገጭዎን ይመልሱ። ወገብዎ ከታመመ ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ አብዝተው አስገብተውታል፣ ቀጥ ለማለት ሲታገሉ የሚደርስ ነው፤ የፊት ጎድኖችዎን ያላሉና ወደ መቀመጫ አጥንቶቹ መሃል ይመለሱ። ከመቀመጥዎ ጥቂት ሳይቆዩ ወደ ኋላ የሚጎብጡ ከሆነ ስንፍና አይደለም፣ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ነው፤ ጨርቅ ይጨምሩበት። በተቃራኒው ወደ ፊት የሚንሸራተቱ ከመሰለዎት መቀመጫው ከፍ ብሏል።

እግር ሲደነዝዝ አብዛኛው ሰው ይፈራል። ጭን ሥር ጠርዝ ሲጫን ነርቭ ይደነዝዛል፤ ሲነሱ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ አያሳስብም፣ በሚቀጥለው ጊዜ መከዳውን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት። ከተነሱ በኋላ ብዙ የሚቆይ ከሆነ ግን አቀማመጡን ይቀይሩ። ወደ እግር የሚወርድ የሚያቃጥል ሕመም፣ የእግር መስነፍ ወይም የሚያብጥ ጉልበት ካለ መቀመጡን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ አልስማማም፤ የተጎዳ ጉልበት ከወራት በኋላም አይመለስ ይሆናል።

ሲጨርሱ ተስፈንጥረው አይነሱ። መጀመሪያ እንደ አጀማመርዎ ይወዛወዙ፣ አሁን ከትንሽ ወደ ሰፊ። እጅዎን መሬት አስደግፈው እግርዎን ይፍቱ፣ ስሜቱ እስኪመለስ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይነሱ። የደነዘዘ እግር ላይ ሲቆሙ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። መነኮሳቱ በሁለት መቀመጥ መካከል ኪንሂን የሚሉት ዝግ ያለ እርምጃ አላቸው፤ አንድ ትንፋሽ ላይ ግማሽ እርምጃ ብቻ ይሄዳሉ። በክፍልዎ ውስጥ ዙሪያውን እንዲህ አንድ ጊዜ ቢዞሩ ይበቃል።

ወደ ሥራው

ጠዋት 10 ደቂቃ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ መጉበጥ ብዙ አይረባም። ቡና ለቀማ ላይ የሚውሉ ሴቶች ወደ ፊት መጎንበስ ግዴታቸው ነው፤ ፍሬው ከፊታቸው ወለል ላይ ነዋ። መጎንበሱን ማስቀረት ባይቻል ቦታውን መቀየር ይቻላል። ጣትዎን ጭንዎ ከሆድዎ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ያድርጉና ከዚያ ይጎንበሱ፤ ጀርባዎ እንዳለ ሆኖ ዳሌዎ ወደ ፊት ይዞራል፣ የመቀመጫ አጥንቶቹም አብረው ይንከባለላሉ። ጉልበቶችዎን ከፈት ያድርጓቸው፤ ለሆድዎ መውረጃ ይሆናል። የሚለቀመውን ፍሬ ባዶ ሳጥን ላይ በተቀመጠ ሰፌድ ቢያደርጉት፣ በስንዝር ከፍታ ብቻ፣ አንገት ብዙ ያርፋል። የቡና መጋዘን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ ለለቃሚዎቹ ከፍ ያለ ጠረጴዛና መቀመጫ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የሚያስወጣ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት መሬት ላይ ተጎንብሶ የሚውል ሰው ጀርባ ከጆንያው ቡና ያላነሰ ዋጋ አለው።

በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ይነሱ፤ ተነስተው ሁለት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ አጥንቶቹን በመዳፍዎ ፈልገው ይቀመጡ። ባጃጅ የሚነዱ ከሆነ የመቀመጫውን ኋላ በታጠፈ ጨርቅ ይሙሉትና ተሳፋሪ ሲጠብቁ ሁለቱን እግሮች መሬት አድርገው ሦስት ትንፋሽ ይቁጠሩ። ከአዲስ አበባ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ለሚጓዙ ደግሞ ፎጣ ጠቅልለው ወገብዎ ሥር ማድረግ፣ ወልቂጤ ላይ ሲቆም መውረድና መራመድ ይጠቅማል። መኪናው ሲንቀሳቀስ አናትዎን ወደ ጣሪያ አይግፉ፤ መቀመጫ አጥንትዎን ይፈልጉ፣ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ ማጅራትዎን ያላሉ።